ፊክስቸሩን የሚያወጣው ሰማዩ ነው

«የስኪ ወሬ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ቅዳሜ እስኪደርስ የአርሰናልንና የማንቸስተርን ጨዋታ በጉጉት ለሚጠብቅ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እግሩ ላይ ሁለት ጣውላ አስሮ ከተራራ የሚወረወር ሰው ስፖርተኛ ሳይሆን ዕብድ ሊመስለው ይችላል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐምሌ ላይ፣ ሜዳው ጭቃ ሆኖ፣ ሰማዩ እየተዘረገፈ «የሊጋችንን መክፈቻ ዛሬ እናድርግ» የሚል የፌዴሬሽን ሰው ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ? «ጤና የለውም!» ነው የምትሉት። የኛ ሊግ ስንት ችግር ቢኖርበትም ይህቺን እንኳን ያውቃል። ክረምቱ ሲወጣ ይጀምራል፣ ክረምቱ ሳይበረታ ለመጨረስ ይሞክራል። የዓለም የስኪ አለቆች ግን ይህቺን ያወቁ አይመስልም።

የስኪ የዓለም ዋንጫ በተለምዶ የሚከፈተው ኦክቶበር መጨረሻ፣ ማለትም በኛ ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ኦስትሪያ ሶልደን ውስጥ ባለ የበረዶ ግግር ላይ ነው። እ.ኤ.አ በ2022 ደግሞ አዲስ ነገር ተጨመረ። ከስዊዘርላንዷ ዜርማት በኩል ተነስቶ ድንበር አቋርጦ ጣሊያን፣ ቼርቪኒያ ላይ የሚያልቅ የቁልቁለት ውድድር ተዘጋጀ። መነሻው 3 ሺህ 700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። «እዚያ በረዶ አይጠፋም» ተባለ። ሙቀቱ አልለቅ አለና ታች በጣሊያን በኩል መሬቱ ገጦ ቀረ። የወንዱም የሴቱም ተሰረዘ። በ2023 ተመለሱ። በዚህኛው ዓመት ደግሞ በረዶውም ነፋሱም ከልክ አለፈና አሁንም ሁሉም ተሰረዘ። በሁለት ዓመት ስምንት ውድድር ታቀደ፣ አንድም አልተካሄደም። ስምንት ለዜሮ! በ2024 ውድድሩ ከነጭራሹ ከፕሮግራም ወጣ።

አንዱን ዓመት በረዶ ጠፋ፣ ሌላውን ዓመት በዛ። ይሄ ዕድል ብቻ ነው? አይደለም። ነገሩን ለመረዳት በረዶ እንዴት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ስለ በረዶ ሳወራ የኛን፣ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ማለቴ አይደለም። እንደ ባዘቶ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውን ነው። እሱ ሁለት ተጫዋቾች ይፈልጋል፤ እርጥበትና ቅዝቃዜ። አንዱ ኳስ አቀባይ ነው፣ ሌላው አግቢ። አንዱ ከሌለ ጎል የለም።

የራሳችንን ተራራ እንይ። ራስ ዳሸን ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ነው፤ የዜርማቱን መነሻ በደንብ ያስንቃል። ታዲያ ስሜን ላይ ለምን ስኪ የለም? ደመናውና እርጥበቱ የሚመጣው በክረምት ነው። አጥንት የሚሰብረው ሌሊት ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። ያኔ ውርጭ እንጂ በረዶ የለም። በክረምቱ አልፎ አልፎ ጫፉ ነጣ ቢልም ፀሐይ ስታገኘው ይቀልጣል። ሁለቱ ተጫዋቾች አንድ ሜዳ ላይ ለረጅም ጊዜ አይገናኙም ማለት ነው።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። የ2022 የቤጂንግ ክረምት ኦሊምፒክን አስታውሱ። ቅዝቃዜ ሞልቶ ነበር። ከሳይቤሪያ በኩል የሚመጣው ነፋስ ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ ውድድሩ የተካሄደው ከሞላ ጎደል በማሽን በተሠራ በረዶ ላይ ነበር። አግቢው ቆሞ ኳስ የሚያቀብለው አጣ።

የዚህ ግልባጭ በቫንኩቨር ታየ፤ እሱ ደግሞ እኛንም ይነካናል። እ.ኤ.አ በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ብቸኛው ተወዳዳሪያችን ነበር። ያ ዓመት የኤልኒኖ ዓመት ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ የወገቡ ውኃ ሲሞቅ ከላይ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም የተባለው ፈጣን ነፋስ መንገዱን ይቀይራል፣ አውሎ ነፋሱንም ይዞት ይሄዳል። ወደ ቫንኩቨር የመጣው ለብ ያለ የባሕር አየር ነበር። ከተማዋ በታሪኳ እጅግ ሞቃቱን ጃንዋሪ አሳለፈች። ባሕሩ አጠገብ ያለው ሳይፕረስ ተራራ ላይ እርጥበቱ ነበር፤ የሚወርደው ግን ዝናብ ነው። አዘጋጆቹ ምን አደረጉ? ከ250 ኪሎ ሜትር ርቀት በረዶ በከባድ መኪና ጫኑ፣ ሄሊኮፕተር አሠማሩ፣ ከሥሩ ጭድ እየደረደሩ ከላይ በረዶ አለበሱት። የቆመው ተመልካች የሚረግጠው መሬት ስለጠፋም 28 ሺህ ያህል ትኬት ተሰረዘ። ጭድ ላይ የተሠራ ኦሊምፒክ!

ሮቤል የተወዳደረበት የዊስለር አካባቢ ግን ከዚያው ከተማ ወደ ተራራው ገባ ብሎ የሚገኝ ነው። ዊስለር ተራራ ላይ በኖቬምበር 2009 ብቻ ከአምስት ሜትር በላይ በረዶ ወርዶ ነበር። አየር በአማካይ በየ1 ሺህ ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ያው ደመና ታች ዝናብ ይሆናል፣ ላይ በረዶ።

ጉዱ ገና ነው። ኦሊምፒኩ ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወገኖቻችን መኪናቸውን በአካፋ እየቆፈሩ ያወጡ ነበር። ያው ኤልኒኖ በደቡብ በኩል እርጥበቱን ገፋ፣ ከሰሜን ዋልታ ያመለጠው ቅዝቃዜ ወረደ፣ ሁለቱ ዋሽንግተን ላይ ተገናኙ። የዚያ ወቅት ድምር ከ1 ሜትር ከ40 በላይ ሆኖ የከተማዋን ሪከርድ ሰበረ። ስኪ የሌለበት ከተማ በረዶ ሰጠመ፣ ኦሊምፒክ ያለበት ከተማ በረዶ በመኪና አስመጣ።

«እንግዲያው ኤልኒኖን ካወቅን በረዶውንም አወቅን» የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። ትንበያ ግምት እንጂ ውጤት አይደለም። በ2022/23 ላኒና ነበር፤ ላኒና ደግሞ የካሊፎርኒያን ደቡብ ያደርቃል ይባላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከፓስፊክ የተነሱ፣ የአየር ላይ ወንዝ የሚባሉ እርጥበት የተሸከሙ ጅረቶች ተከታትለው መጡ። ማሞዝ የተባለው የስኪ ተራራ ዋና ጣቢያው ላይ ወደ 18 ሜትር በረዶ ቆጥሮ እስከ ኦገስት ክፍት ሆኖ ቆየ። በዚያው ጃንዋሪ ስዊዘርላንድ፣ አደልቦደን ላይ ተወዳዳሪዎቹ የወረዱት በአረንጓዴ ሣር መሀል በተዘረጋ ነጭ ምንጣፍ ላይ ነበር። አንድ ወቅት ነው፣ ሁለት ዓለም።

እዚህ ላይ ነው የኳስ ሰው የሚሻለው። ካሊፎርኒያን አይቶ «የምን የዓለም ሙቀት?» የሚል ሰው፣ አንድ ጨዋታ ስድስት ለዜሮ አሸንፎ ዋንጫ የበላ ከመሰለው ደጋፊ አይለይም። የአንድ ወቅት አየር አንድ ጨዋታ ነው፤ የሚወስነው የደረጃ ሠንጠረዡ ነው። ሠንጠረዡ የሚለው ደግሞ ግልጽ ነው። ለክረምት ኦሊምፒክ ይሆናሉ ተብለው በተጠኑ 93 ቦታዎች ውስጥ በ2050ዎቹ አስተማማኝ ሆነው የሚቀሩት 52 ናቸው። በማርች ለሚደረገው ፓራሊምፒክ ደግሞ 22 ብቻ።

«ማሽኑ አለ አይደል?» ይባላል። አለ። ግን የበረዶ ማሽንም ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ውኃ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ገንዘብ ይፈልጋል። ሀብታሙ የስኪ ከተማ ይገዛዋል። ዝቅ ያለ ቦታ ያለ የመንደር ክለብ ግን ይዘጋል። በረዶ ከሌለበት አገር የሚመጣ፣ እንደ ሮቤል ብቻውን ባንዲራ የሚይዝ ልጅም ልምምዱን ሩቅና ውድ ወደሆነ ግግር መውሰድ አለበት። መጀመሪያ ከሜዳ የሚወጣው ድሃው ነው።

ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተናግረዋል። በፌብሩዋሪ 2023 እነ ሚካኤላ ሺፍሪን ያሉበት ወደ ሁለት መቶ የሚሆኑ ስፖርተኞች ለዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፉ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ወቅቱ ከኦክቶበር መጨረሻ ወደ ኖቬምበር መጨረሻ ተገፍቶ እስከ ኤፕሪል ይቆይ የሚል ነው። የሚቃወሙም አሉ። የስኪ ዕቃ ነጋዴው ገበያው በጊዜ እንዲከፈት ይፈልጋል፤ ኤፕሪል ላይ ደግሞ ሰዉ ስኪውን ረስቶ ወደ ኳስ ይዞራል ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን የቴሌቪዥን ተመልካች ከተሰረዘ ውድድር ምን ያያል?

ስፖርተኞቹ ትክክል ናቸው። መጋቢት ላይ ተራራው ላይ የተከማቸ በረዶ እያለ፣ ጥቅምት ላይ ገና ያልወረደውን መለመን ለማንም አይበጅም። ኤልኒኖ መጣ ላኒና፣ ሰማዩ የራሱን ፊክስቸር ያወጣል፣ ለይግባኝ የሚቀመጥ ኮሚቴም የለውም። እኛ ሐምሌን ለዝናቡ ትተንለታል። እነሱም ኦክቶበርን ይልቀቁ።