ቤት ለሰው ይሁን!

ቡፌ እጠላለሁ። የኮንዶሚኒየሟን ጠባብ ሳሎን ሲሶ ይዞ፣ በመስታወት ታጥሮ፣ የቤቱ ሰው የማይነካውን ብርጭቆ ታቅፎ የሚገተረውን ያንን ዕቃ እጠላለሁ። ልጆች አልጋ ላይ በደረታቸው ተኝተው የቤት ሥራ ይሠራሉ፤ የወይን ብርጭቆው ግን የራሱ ክፍል አለው። «ለእንግዳ ነው» ይባላል። እንግዳው ሲመጣ ደግሞ እንዳይሰበር ተብሎ በፕላስቲክ ኩባያ ይቀዳለታል! አውጡትና ጠጡበት። ልጆቻችሁም ይጠጡበት፣ ከተሰበረም ይሰበር።

ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የተጫነው ሻንጣስ? ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ አድርጎ በሁለት ሻንጣ የጠቀጠቀው ልብስና ጫማ፣ ለማንም ልክ ያልሆነው ሁሉ፣ «ከውጭ የመጣ እኮ ነው» እየተባለ ዓመት ከዓመት እዚያው ይከርማል። ከታች ሰፈር በባዶ እግሩ የሚሄድ ልጅ እያለ የብል ቀለብ ይሆናል። ይህ ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ልዋጮች በር ላይ ሲጣሩ የተገላገልን ይመስለናል። አሮጌ ሱሪና ጫማ ይወስዳሉ፣ ሳፋና ጆግ ይሰጡናል። ቤቱ ያው እንደታጨቀ ነው። እባካችሁ የሚለበሰውን ለሚለብሰው በነጻ ስጡ። ብረታ ብረቱን ለቆራሌው ሽጡለት፤ ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች እናንተ ከአልጋ ሥር የምታዝጉትን ብረት ቀጥቅጠው ምድጃ ያወጡበታል።

ዝም ብሎ መጣሉማ መጨረሻው ታይቷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የተቀበሩት የዚህች ከተማ ነዋሪ ለአስርት ዓመታት በጣለው ዕቃ ሥር ነበር። የኔም የናንተም ቤት ቆሻሻ እዚያ ነበር የሚደፋው። ይህን እያወቅን ለየበዓሉ አዲስ መጋረጃ፣ አዲስ ምንጣፍ፣ አዲስ የፕላስቲክ አበባ እንሸምታለን፤ ጎረቤት ምን ይለናል ብለን።

«ነገ ይጨምራል፣ ዛሬ ልግዛ» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቆ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ ያየ ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም። ጤፍና ዘይት ከሆነ እሺ፣ አቅም ያለው ይግዛ፤ ይበላል። ሦስተኛው ረከቦት ግን ከምን ያድናል? ዋጋው እጥፍ ቢሆን ማን አውጥቶ ሊሸጠው ነው? በዕቁብ ብር ሶፋ የቀየረ ቤት መስከረም ጠብቶ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ ብድር ፍለጋ ይሯሯጣል። ስንቱን አየሁ! ያ ብር ከሰው ጉሮሮ ተነጥቆ የተጠራቀመ፣ የእናቶች ላብ ነው። ለይሉኝታ ሲበተን ዝም ብዬ አላይም።

በጳጉሜ ባዛር እንሂድ ብላችሁ አትጥሩኝ። ቤቴ ስትመጡም የግድግዳ ሰዓት፣ የብርጭቆ ስጦታ፣ ምንም የሚቀመጥ ነገር እንዳታመጡብኝ። ቡና ይዛችሁ ኑ፣ ዳቦ ይዛችሁ ኑ፤ እዚያው አብረን እንጨርሰዋለን።