ስለ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ስለ በሩም

ለልጆቻችን ልብስ ስንገዛ ስፌቱን አይተን፣ ጨርቁን ዳብሰን እንመርጣለን። የሰፋችው ሠራተኛ ምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደምትውል ግን ጨርቁ አይናገርም። ይህን ይመሰክራል የሚባለው መርማሪ ድርጅት ፋብሪካውን ጎብኝቶ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ብቻውን እንደማያስተማምን በፓኪስታን፣ በካራቺ ከተማ የነበረው የአሊ ኢንተርፕራይዝስ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ያስረዳል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 «ኤስ ኤ 8000» የተባለውን የሠራተኛ አያያዝ ምስክር ወረቀት አገኘ። ሳምንታት ብቻ እንደቆየ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን በእሳት ጋየ። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ፣ መውጫዎቹም የተቆለፉ ስለ ነበሩ ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ።

በባንግላዴሽ ደግሞ በ2013 ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ገዢ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚያስገድድ ስምምነት ተፈራረሙ። በዚህም የምርመራው ውጤት ለሕዝብ እንዲገለጥ፣ ሠራተኛዋም አደጋ ባየች ጊዜ «አልገባም» የማለት መብት እንዲኖራት ተደረገ።

በአገራችንም ሐዋሳን በመሳሰሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ብዙ ወጣት ሴቶች ለውጭ ገበያ ልብስ ሰፍተዋል። ስለዚህ በፋብሪካ የምትሠሪ እህት፣ የአደጋ መውጫው የት እንደሆነና በሥራ ሰዓት ክፍት መሆኑን በዓይንሽ አይተሽ አረጋግጪ። ተቆልፎ ብታገኚው ለብቻሽ ከመናገር ይልቅ ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ፣ ማኅበር ካላችሁም በማኅበራችሁ በኩል አመልክቱ። ልጅሽን ወደ ፋብሪካ የላክሽ እናትም ስለ ደመወዟ ስትጠይቂያት ስለ በሩም ጠይቂያት።