ሲለኩ ዝም ማለት

የደም ግፊት ማለት ልብ የምትረጨው ደም በደም ቅዳ ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል መሆኑን አንድ ወዳጅ አይክድም፤ አልዋጥ ያለው ይህ ኃይል ከልክ አልፎ ሳለ ባለቤቱ ምንም ላይሰማው መቻሉ ነው። «ራስ ምታት የለ፣ ማዞር የለ፤ ታዲያ ግፊቱ የት ተደብቆ ነው?» ሲል ይሞግታል። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ መልስ አጭር ነው፦ ከፍተኛ የደም ግፊት ልብን፣ አንጎልን፣ ኩላሊትንና ዓይንን እየጎዳ ለዓመታት ያለ ምልክት ሊቆይ ስለሚችል፣ ሲያም ብቻ መለካት ዘግይቶ መለካት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ችግሩ ካለባቸው አዋቂዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው እንደማያውቁ ይገምታል።

በዚህ ጊዜ ወዳጅ 150/95 የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ከኪሱ ይመዛል። የላይኛው ቁጥር ልብ ተኮማትራ ደም በምትገፋበት ቅጽበት፣ የታችኛው በሁለት ምት መካከል ላላ ስትል ያለውን ግፊት ያሳያል፤ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን መለኪያ ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ በ1896 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቅ፣ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ በ1905 የደሙን ድምፅ በማዳመጫ እየሰሙ ሁለቱንም ቁጥር የማንበቡን ዘዴ ጨመረበት።

«እንግዲያው ግፊት አለ ማለት ነዋ!» ይላል ወዳጅ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን ቁጥሩ ሳይሆን አለካኩ ነው፤ ሲጠየቅም ወዳጅ ቡናውን እስከ ቶና ጠጥቶ፣ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ፣ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሹራቡን ሳያወልቅ፣ ስለ ኑሮ ውድነት እያወራ መለካቱ ይወጣል። ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ከቡናና ከሲጋራ መታቀብ፣ ሽንት መሽናት፣ ጀርባን አስደግፎና እግርን ሳያነባብሩ አምስት ደቂቃ ማረፍ፣ ከዚያም የተራቆተውን ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ዝም ማለት ያስፈልጋል። ጨዋታ ለሚወድ ሕዝብ ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም፤ ይሁንና ወሬ ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል።

በጤና ተቋም በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍተኛ ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ነጭ ጋዋን ሲያይ ግፊቱ የሚጨምር ሰው ስላለ፣ ቤት ውስጥ ለተከታታይ ቀናት ጠዋትና ማታ በደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ለክቶ መመዝገብ ይመከራል፤ በቤት ልኬት ወሰኑ 135/85 ነው። ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ጎን መዛል ከታየ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መድረስ እንጂ ድገሙልኝ ማለት አይገባም።

«ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ግፊቱን ወደ 120/80 ካወረደውስ፣ አይተውም?» ቁጥሩ የወረደው በመድኃኒቱ ነውና፣ ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ መልሶ ያወጣዋል። የወዳጅ የመጨረሻ ጥያቄ የትኛው ክንድ ይለካ የሚል ነው፦ መጀመሪያ ሁለቱም ይለካሉ፤ ከዚያ በኋላ ከፍ ያለውን ያሳየው ክንድ ይያዛል።