ሁለቱም ሥራ ሲውሉ ሕፃኑን ማን ይይዘዋል?

እናት ሥራ ትያዝ ወይስ ቤት ውላ ሕፃኗን ታሳድግ የሚለው ክርክር በየቤቱ ሲነሣ እንሰማለን። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለናል፤ ይኸውም በአገራችን እናት ሥራ ፈትታ የተቀመጠችበት ዘመን አለመኖሩ ነው። የባላገር ሴት ሕፃኗን በአንቀልባ አዝላ ውሃ ትቀዳለች፤ እህል ትፈጫለች፤ በአረም ጊዜም ከባሏ ጋራ እርሻ ትወርዳለች። እንግዲህ የከተማው ችግር የእናት መሥራት ሳይሆን ሥራው ከቤት መራቁ ነው፤ ወደ ፋብሪካና ወደ ጽሕፈት ቤት ልጅ አዝሎ መግባት አይቻልምና።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋራ ፈቃድ ሰጥቷታል። ሐኪሞች ደግሞ ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ውሃ እንኳ እንዳይቀምስ ይመክራሉ። በመካከል የሚቀረውን 3 ወር ማን ይሙላው? አያት ከአገር ቤት የመጣች እንደ ሆነ መልካም ነው። ያልመጣች እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሕፃኑን የምትይዘው ራሷ ልጅነቷን ያልጨረሰች ሞግዚት ናት፤ ይህንንም እያወቅን ዝም ማለታችን ያሳፍራል።

ያው አዋጅ ለአባት የሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው፤ በ3 ቀን የገንፎው እንግዳ እንኳ ወጥቶ አያልቅም። ቢሆንም ማታ ከሥራ ሲገባ ሕፃኑን ተቀብሎ እንዳይዝ የከለከለው አዋጅ የለም። ሚስት እንደ ባሏ ስትሠራ ውላ ገብታ፣ በአንድ እጇ ልጅ ይዛ በሌላው ወጥ ስታማስል፣ እርሱ ጋዜጣውን ዘርግቶ ይቀመጣል። የሚያነበው ይህንኑ ገጽ ቢሆንም እንኳ አናመሰግነውም።

ከሁለቱ አንዱ ሥራውን ይተው የሚሉም አሉ። በአንድ ደመወዝ ኪራይና ቀለብ የሚችል ቤት ይህን ሊያደርግ ይችላል፤ ለብዙው ግን የማይሞከር ነው። ደግሞስ ተው የሚባለው ዘወትር የሴቲቱ ሥራ የሆነው ስለ ምንድን ነው?

ስለዚህ ባልና ሚስት ፈቃዱ ሳያልቅ አስቀድመው ተቀምጠው፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሚገባ ይቍረጡ። እናቲቱም ጡቷን እያለበች ትተው፤ የታለበው ወተት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ሙቀት በሌለበት ሥፍራ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ለሕፃኑም በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ስኒ ይሰጠዋል። ስኒውን ይዞ ማጠጣት አባትም የማያቅተው ሥራ ነው።