ቧንቧው ከመቀበሩ በፊት ይታይ

ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ርቀት መሬቱ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ግራና ቀኝ ባሉት የደሴ ዙሪያና የቃሉ ወረዳ ቀበሌዎች ቆርቆሮ ቤት የሠራ ገበሬ ቧንቧ ከግቢው እንዲገባለት መመኘቱ የሚያስደስት ነው። ሊታሰብበት የሚገባው ግን ያን ቧንቧ ማን ፈቀደው፣ ከመቀበሩስ በፊት ማን አየው የሚለው ጥያቄ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሲደነገግ ያተኮረው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ ነበር። ከከተማ ውጭ የተመለከተው ፋብሪካንና የሕዝብ መገልገያን የመሳሰሉትን ሕንፃዎች እንጂ የገበሬውን ጎጆ አልነበረም። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ እንዳያሻው ደንግጓል። በዚህ በኩል ሕጉ ደግ ነው፤ ገበሬ ውኃ ለመቆፈር ደጅ ይጥና የሚል የለም። ይሁን እንጂ የከተማውን ቧንቧ የሚያበላሸው ምክንያት ሁሉ በገጠሩም አለ፤ እንዲያውም በተዳፋቱ ይብሳል።

ውኃ ቁልቁል ሲወርድ በየ10 ሜትሩ አንድ ባር ያህል ግፊት ይጨምራል። ስድስት ባር እንዲችል የተሠራ የፕላስቲክ ቧንቧ ከምንጩ 60 ሜትር ዝቅ ሲል የአቅሙ ዳርቻ ላይ ነው። በመሐሉ የግፊት መቀነሻ ታንከር ካልተሠራ፣ ሌሊት ቦኖው ሁሉ ተዘግቶ ውኃው ሲቆም ቧንቧው ይፈነዳል። ጠዋት ጀሪካን ይዘው የሚመጡት እናቶች የሚያገኙት ጭቃ ይሆናል።

ከዋናው መስመር ላይ በጎማ ቀጥሎ ወደ ግቢው የሚወስድ ሰውም ሁለት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛው ከታች ያለው ቦኖ መድረቁ ነው፤ ይህን ሁሉም ያየዋል፣ ጠብም ያስነሳል። ሁለተኛው ግን አይታይም። ውኃው በፈረቃ ሲቋረጥ ባዶው ቧንቧ ወደ ውስጥ ይስባል። የጎማው ጫፍ ከብት ከሚጠጣበት ገንዳ ውስጥ ከተነከረ ወይም መገጣጠሚያው ላልቶ ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ፣ ያ ቆሻሻ ውኃው በተመለሰ ጊዜ ከጎረቤት ጀሪካን ይገባል። ሽንት ቤትና የመጠጥ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራራቁ የሚለው የባለሙያዎች ምክርም መሬት በጠበበበት ግቢ ሰሚ አያገኝም።

የከተማው የወረቀት ክምር ወደ ገጠር ይውጣ ማለታችን አይደለም። ለፕላንና ለማኅተም ሲመላለስ የሚከርም ገበሬ በሌሊት ቀጥሎ ማደርን ይመርጣል። የሚያስፈልገው የወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ከቀበሌው የውኃ ኮሚቴ ጋር ሆኖ ቦዩ ከመደፈኑ በፊት ማየቱ ነው። ቧንቧው ስንት ባር ይችላል? ጥልቀቱ ከማረሻ ያድነዋል ወይ? ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ገብቶለታል? ከሽንት ቤቱስ ስንት ሜትር ይርቃል? ይህ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ፈቃዱ ያለክፍያ በኮሚቴው መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ሥራውን የሠራው የቧንቧ ባለሙያ ስምም አብሮ ይስፈር፤ በኋላ ቢፈነዳ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል።

ባለሙያው የሚሄድበት ሞተር ብስክሌትና ነዳጅ ካላገኘ ግን ይህ ሁሉ ከወሬ አያልፍም። ስለዚህ ወረዳዎቹ የቧንቧ መግዣ በጀት ሲይዙ የመቆጣጠሪያውንም አብረው ሊይዙ ይገባል።