«ሁለት ጊዜ» ያለችው ልጅ ምን አጠፋች?

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ዲላ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን ልተወውና፣ አንድ መዋለ ሕፃናት ትማራለች። ጥር መጨረሻ ላይ ደብተሯን ሳገላብጥ «አዲስ ዓመት በዓመት … ጊዜ ይከበራል» በሚለው ባዶ ቦታ ላይ 2 ቁጥርን ጽፋ አገኘሁ። ከጎኑ ቀይ ኤክስ ተጋድሟል። «አጎቴ፣ የአያቴ አዲስ ዓመት ውሸት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ብዕሬን ያስነሳኝ ኤክሱ አይደለም፤ ይህ ጥያቄ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። የአባቷ እናት ወናጎ አካባቢ የሚኖሩ የጌዴኦ ሴት ናቸው። ጌዴኦ ደራሮ የሚባል የራሱ ዘመን መለወጫ አለው። ቃሉ ከአበባ ጋር የተዛመደ ነው፤ በዓሉ የሚውለው ደግሞ ቡናው ተለቅሞ ሲያበቃ፣ በጥር ገደማ ነው። ሕዝቡ ከአባ ገዳው ጋር ተሰብስቦ ማጌኖን፣ ማለትም ፈጣሪን፣ ስለ ምርቱና ስለ ሰላሙ ያመሰግናል። ልጅቱ መስከረም 1 ቀን ከጓደኞቿ ጋር «አበባየሆሽ» እያለች ዞራለች፤ ጥር ላይ አያቷ ዘንድ ሄዳ ደራሮን ውላለች። ቆጠረች፣ ሁለት ሆነ። እስቲ ስሕተቷን አሳዩኝ!

መምህሯን ሄጄ አነጋገርኋት። ክፉ ሰው አይደለችም። «ሕፃናትን ማደናገር አይገባም፤ ሲያድጉ ይደርሱበታል» አለችኝ። ይህ ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማ ነገር ነውና ሙግቴ ከእሷ ጋር ሳይሆን ከአነጋገሩ ጋር ነው። ለመሆኑ የተደናገረው ማን ነው? ይህቺ ልጅ ከአያቷ ጋር በጌዴኡፋ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ አንዱ ሌላውን ሲያደናቅፍባት አላየሁም። ግንቦት ላይ ልደቷን ስናከብር «አንድ ዓመት ጨመርሽ» እንላታለን፤ ዓመቱ የተለወጠውማ መስከረም ነው ብላ አልተከራከረችንም። የዘመን መለወጫ አንድ ብቻ ይሁን ብሎ የሚጨነቀው ትልቁ ሰው ነው። ጭንቀቱን ለሕፃን ማውረስ ምኑ ነው ማስተማር?

ደግሞስ ያንኑ አንዱን መቼ በወጉ አስተማርናት? ክፍሏ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ክረምቱ አልፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ መስኩ በአደይ አበባ ቢጫ ለብሶ ያሳያል። ለሸዋና ለጎጃም ደጋ እውነት ነው። ዲላ ግን መስከረምና ጥቅምት ሌላው የዝናብ ወቅት ነው። ልጆቹ «ዝናቡ ሄደ፣ ፀሐይ ወጣች» እያሉ ሲያነበንቡ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፃቸውን ይውጠዋል። አንዱም ልጅ በመስኮት እያየ «ኧረ እየዘነበ ነው!» አለማለቱ ይገርመኛል። ምናልባት ኤክሱን ፈርቶ ይሆናል።

ዓመትን በቁጥር ማስረዳታችንም ሌላው ጉድ ነው። እስከ መቶ ለመቁጠር ለምትታገል ልጅ «ሁለት ሺህ ምንትስ ሄዶ ሁለት ሺህ ምንትስ ገባ» ማለት ምን ይፈይዳል? አያቷ የተሻለ ዘዴ አላቸው። ጓሯቸው ውስጥ እሷ በተወለደች ዓመት የተተከለ እንሰት አለ። ደራሮ በመጣ ቁጥር ከጎኑ ያቆሟትና «እኩያሽ ነው» ይሏታል። እሷ ገና ወገቤ ላይ ናት፤ እንሰቱ የጎጆውን ጣሪያ እያየ ነው። ዓመት ማለት ለእሷ እኩያዋ ጥሏት የሄደው ርቀት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚገባት መምህር የት ይገኛል?

እንቁጣጣሽም ቢሆን ሀብቱ ሞልቶ ተርፎታል። ጳጉሜን የመሰለ ለሕፃን የተፈጠረ ወር ማን አለው? አምስት ቀን ብቻ፤ በየአራት ዓመቱ፣ በ2015 ዓ.ም. እንደሆነው፣ ስድስት። በሩፋኤል ዕለት ልጆች ዝናብ የሚመቱበት ወር! ይህን ትተን ምን እናደርጋለን? በበዓሉ ጠዋት አንድ ልጅ በከለር እርሳስ የሳላትን አበባ ይዞ ደጃችን ሲቆም አሥር ብር እንሰጠዋለን። ሥዕሉን አገላብጦ «ይቺን ቅጠል ለምን ሰማያዊ ቀባሃት?» ብሎ የጠየቀ ጎልማሳ ግን አላጋጠመኝም። ልጁ ሰላምታ ይዞ መጣ፣ ለማኝ አድርገን መለስነው።

ከወዲያኛው ወገን ያሉትም አይማሩኝ። አሁን አሁን ደራሮ ሲመጣ ሕፃናትን የባህል ልብስ አልብሶ ካሜራ ፊት መደርደር ፋሽን ሆኗል። ለምን እንደቆሙ የሚነግራቸው የለም። «የመስከረሙ የእኛ አይደለም» የሚል ሰውም ሰምቻለሁ፤ እሱም ያው ቀይ እስክሪብቶ ነው የያዘው።

ጎረቤት ሲዳማን ማየት ነው። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ መልካም ምኞታቸውን ይገልጻሉ፤ በየቤቱም በቅቤ የራሰውን ቡርሳሜ ይበላሉ። እዚያ ልጅ የበዓሉ ባለቤት ነው። ጌዴኦም ቢሆን ምን ጎድሎት? ቡናና እንሰት ከዛፍ ጥላ ሥር አብረው የሚያድጉበት መልክዓ ምድሩ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መስከረም 2016 ዓ.ም. ነው፤ ያውም በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ሳምንት። ዓለም ያከበረውን ጓሮ የራሳችን ደብተር በኤክስ ሰረዘው።

መምህሯ ኤክሱን እንድታነሳ ጠይቄአት «እስቲ አስብበታለሁ» ብላኛለች። ልጅቱ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ሰኞ ደብተሩን ይዤ እመለሳለሁ።