በጣርማ በር ተዳፋትና በይፋት ቆላ ለሚካሄዱ ግንባታዎች የጂአይኤስ መረጃ አጠቃቀምን በተመለከተ የወጣ የአቋም መግለጫ

ማኅበራችን በይፋትና በአካባቢው የመንገድ፣ የድልድይ፣ የውሃና የሕንፃ ሥራዎችን የሚነድፉና የሚቆጣጠሩ መሐንዲሶችን እንዲሁም ቀያሾችን ያቀፈ የሙያ ማኅበር ነው። መተዳደሪያ ደንባችን የሙያውን ደረጃ እንድንጠብቅና የሕዝብን ደኅንነት በሚነኩ ግንባታዎች ላይ አቋማችንን እንድናሳውቅ ያዘናል። ጠቅላላ ጉባኤያችን በጂኦግራፊያዊ መረጃ ሥርዓት (ጂአይኤስ) አጠቃቀም ላይ ተወያይቶ ይህን መግለጫ ያወጣውም በዚሁ ኃላፊነቱ ነው።

ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ዋሻ ፈልፍለው ያሳለፉት ይህ መስመር ዛሬም አዲስ አበባንና ደሴን የሚያገናኝ ዋና መንገድ ነው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች የአገሪቱን ዓለቶች ሲመድቡ አንዱን የባዛልት ክፍል በጣርማ በር ስም ሰይመውታል። የተዳፋቱ ጠባይም ቢሆን የተሰወረ አይደለም። ዓለቱ በስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች የተቆራረጠ ነው፤ በመካከሉ ውሃ ሲጠጣ የሚላላ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ከላይ የወረደ ልቅ አፈርና ድንጋይ ተከምሯል። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ጎድቷል፤ ዋናውን መንገድም አበላሽቷል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በደብረ ሲና አጠገብ በይዛባ ወይን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ነዋሪዎችን ከቤትና ከእርሻቸው አፈናቅሏል።

ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች የተዳፋቱን ቁልቁለት፣ የዓለቱን ዓይነት፣ የስንጥቆችንና የጅረቶችን ርቀት፣ የመሬቱን ሽፋን በጂአይኤስ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው የደብረ ሲና አካባቢን የመንሸራተት ተጋላጭነት ካርታ ሠርተው አሳትመዋል። ስለዚህ የአባሎቻችን ቅሬታ ዕውቀት አልተገኘም የሚል አይደለም። የተገኘው ዕውቀት ውሳኔ ከሚሰጥበት ጠረጴዛ በጊዜው አይደርስም ነው የምንለው። የጂአይኤስ ባለሙያ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ ተመርጦ፣ በጀቱ ተይዞ፣ የሪፖርቱ ሽፋን ሊታተም ሲል ነው። እንዲህ ያለው ካርታ አስቀድሞ ለተወሰነ ነገር ማስጌጫ ከመሆን አያልፍም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥቃቅን ቢመስልም ብዙ ወጪ ያስከትላል። ነባሮቹ የ1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም (ኮኦርዲኔት የሚለካበት መነሻ) ሲሆን፣ ጂፒኤስ የሚሰጠን ኮኦርዲኔት ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 በተባለው ዳተም ነው። በአገራችን በሁለቱ መካከል ያለው የአግድም ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል። በሜዳ ላይ ይህ ስሕተት ቶሎ ይታያል፤ በጣርማ በር ገደል ግን 200 ሜትር ማለት ሌላ ሸለቆ ነው። ዳተሙ ያልተጻፈበት የኮኦርዲኔት ዝርዝር ከቢሮ ተልኮ ችካል ሲመታ ስሕተቱ የሚታሰበው በቀያሹ ላይ ነው። ማኅበሩ ይህን ፍትሐዊ ሆኖ አላገኘውም።

በቆላው ሥራችን ከወንዞቹ ጋር ነው። ሮቢ፣ ጀውሃና አታዬ ከገደሉ አፋፍ ድንጋይና ደለል ይዘው ይወርዳሉ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ያራግፉታል፤ አልጋቸውንም ይቀይራሉ። የውሃ መጠን መለኪያ በሌለው ጅረት ላይ የድልድይ ስፋት የሚሰላው ከተፋሰሱ ስፋት፣ ከቁልቁለቱ፣ ከአፈሩና ከመሬት ሽፋኑ ነው። ይህን ሁሉ ጂአይኤስ በአጭር ጊዜ ያወጣል። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሡትን የላንድሳት ምስሎች ማነጻጸርም ወንዙ ቀድሞ በየት በኩል ይፈስ እንደነበር ያሳያል። ምስሎቹ በነጻ ይገኛሉና የበጀት እጥረት ምስሎቹን ላለማነጻጸር ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ስለሆነም ማኅበራችን የሚከተሉትን አቋሞች ወስዷል፦

1. የመንገድ መስመር፣ የድልድይ፣ የውሃ መስመር፣ የትምህርት ቤትና የሰፈራ ቦታ ከመመረጡ በፊት የመንሸራተትና የጎርፍ ተጋላጭነት ካርታ በማስረጃነት ሊቀርብ ይገባል። በምርጫው ወቅት ይህ ማስረጃ ባልታየበት ንድፍ ላይ አባሎቻችን አይፈርሙም።

2. ዳተሙና ዞኑ ያልተገለጸበት የኮኦርዲኔት ሰነድ ያልተሟላ ሰነድ ነው። ቀያሽ አባሎቻችን ተቀብለው ሥራ አይጀምሩበትም፤ ለላኪው በጽሑፍ ይመልሱታል።

3. በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰበ የአፈር ምርመራ፣ የቁፋሮ፣ የተዳፋት መደርመስና የድልድይ ጉዳት መረጃ የሕዝብ ሀብት ነው። አሁን ግን አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ መረጃው በአማካሪው መሣቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ቀጣዩ ፕሮጀክትም በዚያው ተዳፋት ላይ በአዲስ ወጪ እንደገና ይቆፍራል። መረጃውን ቦታው በታወቀ ኮኦርዲኔት ለክልሉ የጋራ ቋት ማስረከብ በውል ውስጥ ግዴታ ሆኖ እንዲገባ፣ የመጨረሻው ክፍያም ርክክቡ ሳይፈጸም እንዳይለቀቅ እንጠይቃለን።

4. የሳተላይት መረጃ የመስክ ቅየሳን አይተካም። የ30 ሜትር የከፍታ ሞዴል ተፋሰስን ለመለየት ይበቃል፤ የወንዝ አልጋን፣ ካልቨርትን ወይም በመሬቱ ላይ የታየ አዲስ ስንጥቅን ግን አያሳይም። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ከቢሮ ሳይወጡ የሚዘጋጅ የመጨረሻ ንድፍን እንቃወማለን።

5. አደጋውን በጽሑፍ አሳውቆ ምክሩ ወደ ጎን የተተወበት ባለሙያ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ሊሆን አይገባም፤ ማኅበሩም በማናቸውም አጣሪ ፊት ከጎኑ ይቆማል። ያለውን መረጃ ሳይመለከት የፈረመ አባል ደግሞ በማኅበሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይጠየቃል። በዚህ ረገድ ለራሳችን የተለየ መለኪያ አላወጣንም።

ይህ አቋም ከጸደቀበት ዕለት ጀምሮ በሁሉም አባላት ላይ የጸና ነው። ቅጂው በአካባቢው ሥራ ላሏቸው ባለቤት መሥሪያ ቤቶች፣ አማካሪዎችና ሥራ ተቋራጮች እንዲደርስ ተወስኗል። የጽሑፍ መልሳቸው ሲደርሰን ለቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል፤ መልስ ያልሰጡትም በስም ተዘርዝረው ለጉባኤው ይቀርባሉ።